«በፍጥነት» ብቻ የሚያውቀው የአማርኛ መማሪያ

ለልጄ ብዬ ስልኬ ላይ የጫንኩት መተግበሪያ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ልጁ አማርኛ የሚሰማው ከእኛና ከአያቱ ነው። መተግበሪያው ፊደሉን ጥሩ አድርጎ ያስተምራል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ድንገተኛ ወይም የችኮላ ነገር ሲመጣ ነው። «ሰውየው በፍጥነት ተነሳ»፣ «ድመቷ ሥጋውን በፍጥነት ወሰደች»። ኧረ እንዲህ ማን ያወራል? ዜና አንባቢ ካልሆነ በቀር! ሰውየው ብድግ ይላል፣ ድመቷ ላፍ ታደርጋለች፣ ያልጠበቁት እንግዳ ዱብ ይላል፣ ሳያንኳኳ የሚገባው ደግሞ ዘው ይላል፣ በዚህ የደነገጠው ባለቤት ክው ይላል፤ ሁሉም የየራሱ ቃል አለው። ለልጅ ደግሞ ቀላል ነው። «ብድግ» አይለወጥም፣ የሚረባው «አለ» ብቻ ነው፦ ብድግ አልኩ፣ ብድግ አለች፣ ብድግ በል።

ባለፈው አያቱ በቪዲዮ «እስቲ ብድግ በልና ቁመትህን አሳየኝ» ሲሉት ቁጭ እንዳለ ዞሮ እኔን አየኝ። አፈርኩ። ሦስት ወር ከፍዬበታለሁ እኮ! አሁን ክፍያውን አቁሜያለሁ፣ ለፊደሉ ነፃው ክፍል ይበቃል።