«ታድሷል፣ ተፈትኗል» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ኮምፒውተር ለመግዛት ላሰባችሁ ሁሉ

ባለ 386 ፕሮሰሰር የሆነ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር «ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ ተፈትኗል» በሚል ማስታወቂያ አምኜ ገዛሁ። ከካርቶን አውጥቼ ስሰካው ማራገቢያው ዞረ፣ የፊት መብራቱም በራ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ስፒከሩም አንዲት ድምፅ አላሰማም። ይህን የምጽፈው እኔ የተታለልኩበት መንገድ ለሌላውም ተዘጋጅቶ ስለቆየ ነው።

ለሻጩ ስነግረው «ከእጄ ሲወጣ ይሠራ ነበር፤ የላክሁልዎት ቪዲዮ ምስክር ነው» አለኝ። ቪዲዮውን ደግሜ ባየው ማራገቢያ ሲዞርና መብራት ሲበራ ከማሳየት ያለፈ ነገር የለበትም፤ ስክሪኑ ጨርሶ አይታይም። ማታለያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ማራገቢያው የሚዞረው ከፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) በሚወጣው 12 ቮልት ሲሆን፣ በእነዚህ ማዘርቦርዶች (ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ላይ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው የሚሠሩት በ5 ቮልት ነው፤ ያም ደኅና ቢሆን እንኳ የማዘርቦርዱ መስመሮች ከተበጣጠሱ ኮምፒውተሩ አይነሣም። የሚዞር ማራገቢያ ስለ ማዘርቦርዱ የሚያስረዳው ነገር የለም።

እኔም በቅድሚያ የጠረጠርኩት ፓወር ሰፕላዩን ነበርና በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካሁት፤ ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት ያህል አሳየ፤ ኃይሉ መረጋጋቱን ለማዘርቦርዱ የሚያስታውቀው ሽቦም ምልክቱን ሰጠ። ቀጥዬ ተጨማሪ ካርዶቹን ነቀልኩ፤ ሜሞሪውንም አውጥቼ ያለ እሱ አበራሁት። ጤነኛ ማዘርቦርድ ሜሞሪ ሲያጣ አብዛኛውን ጊዜ በተደጋጋሚ ይጮኻል፤ ይሄኛው ግን ዝም አለ፤ ችግሩ ከሜሞሪው በፊት ያለ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

ማዘርቦርዱን ፈትቼ ሳወጣው ነገሩ ተገለጠ። በዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች ላይ ሰዓቱንና ቅንብሩን እንዲጠብቅ 3.6 ቮልት የሚሰጥ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይበየድ ነበር፤ ይህ ባትሪ ሲያረጅ የሚያፈሰው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮችን ይበላል፤ ከሽፋናቸው ሥርም እየተሳበ ይሄዳል። ሻጩ አሮጌውን ባትሪ ቆርጦ ጥሎ በቦታው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ሊቲየም ባትሪ በብየዳ አስገብቶበታል፤ ዙሪያውን ደግሞ አረንጓዴ ቫርኒሽ ቀብቶታል። በጥፍሬ ጫር ባደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ ከሥሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ዱቄት ወጣ፤ ወደ ኪቦርድ መቆጣጠሪያው ቺፕ የሚሄዱት መስመሮችም ከቦታቸው ጠፍተዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) አለማስገባቱ ነው፤ ሰርኪዩቱ የቀድሞውን ባትሪ መልሶ እንዲሞላ የተሠራ ስለሆነ፣ መሞላት የማይገባውን ሊቲየም ባትሪ ያለ ዳዮድ ማገናኘት ባትሪው እንዲያብጥ፣ አልፎም እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል። ይህ እድሳት ሳይሆን ጉዳትን መሸፈን ነው፤ በሰው ደኅንነትም መጫወት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የማዘርቦርዱን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ በተለይ ባትሪው ያለበትን ጥግ፣ በቅርበት ጠይቁ። ቪዲዮ ሲላክላችሁም ማብሪያው ከተጫነበት ቅጽበት አንሥቶ ስክሪኑ ላይ ሜሞሪው በኪሎባይት እየተቆጠረ እስኪጨርስ ድረስ ሳይቆረጥ የተቀረጸ ይሁን። «መብራት ይበራል» የሚለውን ቃል «አልተፈተነም» ብላችሁ አንብቡት። ካልሠራ የሚመለስበትንም ውል በጽሑፍ አድርጉት፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ሻጩ በመጓጓዣ አሳብቦ ገንዘቤን ሊመልስልኝ አልፈቀደም።

ዕቃው ቤታችሁ የገባ ከሆነ ደግሞ ደጋግማችሁ አታብሩት። ባትሪውን አንሡት፤ የፈሰሰው አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ የተበላውን ቦታ በጥቂት አቼቶ አርክሱት፤ በተጣራ ውኃ ቀጥሎም በአልኮል አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ በመልቲሜትር ፈትሹ። እኔ እስካሁን ሰባት የተበጠሱ መስመሮች አግኝቻለሁ፤ አራቱን በቀጭን ሽቦ አገናኝቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን ገና አልተነሣም።

ሻጩ ዛሬ ጠዋት ሌላ ተመሳሳይ ኮምፒውተር ለሽያጭ አውጥቷል። በቪዲዮው ውስጥ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ስክሪኑ አሁንም አይታይም።