እባቡ አልበላ አለ፣ እኔ ግን ተበላሁ

ይህን የምጽፈው እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ እባብ ለመግዛት የሚያስብ ካለ እኔ የገባሁበት ጉድ ውስጥ እንዳይገባ ነው። አዎ፣ እባብ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ሰው ብር ከፍሎ እባብ ይገዛል?" ብላ ሶስት ቀን አኩርፋኛለች። እናንተም የምትስቁትን ሳቁና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

የገዛሁት ቦል ፓይተን የሚባለውን ነው። አገሩ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን፣ እዚያ አካባቢ ነው። መርዝ የለውም። ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ከዘንዶ ዘር ቢሆንም ትልቁ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ረጋ ያለ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፣ ምግብ ይመርጣል። ካላሰኘው ወራት ሳይበላ ይቀመጣል። የኛ ሁዳዴ ለሱ ምንም አይደለም።

ቅዳሜ ቀን የእንስሳት ኤግዚቢሽን ነበር፣ ሄድኩ። ሻጩ ተግባቢ፣ ሳቂታ ሰው ነው። "ይሄ ሁሉን ይበላል፣ የፍሪዘር አይጥ ሳይቀር። እዚሁ አሜሪካ ነው የተፈለፈለው" አለኝ። እባቡን 180 ዶላር ተስማማን። ከዚያ "ፓኬጅ" መጣ። 50 በረዶ የሆኑ አይጠ መጎጦችና "የምግብ ፍላጎት የሚከፍት" አንድ ትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ፣ ሁሉም በአንድ ላይ 310 ዶላር። ደረሰኙ ታች ላይ በጥቃቅን ፊደል "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። ያየሁት ቤት ገብቼ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ይልመድ ብዬ አንድ ሳምንት ሳልነካው ተውኩት። ከዚያ አይጧን አቅልጬ ሰጠሁት። ፊቱን አዞረ። በሚቀጥለው ሳምንትም አዞረ። ከዚያ ፈሳሹን አውጥቼ አይጧ ላይ አፈሰስኩት፣ የዶሮ መረቅ ነው የሚሸተው። እባቡ ምላሱን ሁለቴ አውጥቶ መለሰና ቀስ ብሎ ወደ መደበቂያው ገባ። በበኩሌ አልፈረድኩበትም። ዘጠኝ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ስገዛው 420 ግራም የነበረው 385 ገባ። እዚህ ጋ ሚስቴ "በርበሬዬ አጠገብ አይጥ ተቀምጦ፣ የሚበላውም የለ" ማለት ጀምራለች። እውነቷን ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ "ታገስ" አለኝ። በሁለተኛው "ማሞቂያህ ይሆናል" አለ። በሶስተኛው ስልኩን አላነሳም፣ ከዚያም ላሽ አለ።

አንድ ማታ መብራት አቅርቤ ሳየው አገጩ ስር፣ በቅርፊቶቹ መሃል፣ ሁለት ጠፍጣፋ ቡናማ ነገሮች ተለጥፈዋል። መዥገር! አሜሪካ ውስጥ በፕላስቲክ ሳጥን ተፈልፍሎ ያደገ እባብ መዥገር ከየት ያመጣል? የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሟ መዥገሮቹን ነቅላ ነገሩን አስረዳችኝ። ይሄ ከአፍሪካ በቅርቡ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ደግሞ የሚያድነው ጀርቢል የሚባለውን የበረሃ አይጥና ሌሎች የዱር አይጦችን ነው አለችኝ። እባብ ምግቡን የሚለየው በምላሱ በሚለቅመው ሽታና ከንፈሩ ላይ ባሉት ሙቀት የሚያነቡ ትናንሽ ጉድጓዶች ነው። ሽታውን የማያውቀው ቀዝቃዛ አይጥ ለሱ ድንጋይ ማለት ነው። ሻጩ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም።

እንዴት እንዳስለመድኩት ልንገራችሁ፣ ለሌላውም ይጠቅማል። ለእውነት እንናገርና የኔም ጥፋት ነበረበት፣ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ሞቃቱ ጎን 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነበር። ሙቀት የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ገዝቼ ወደ 32 አመጣሁት፣ ቀዝቃዛው ጎን 26 አካባቢ ሆነ። በሁለቱም ጎን ጠባብ መደበቂያ አደረግሁለት፣ መስታወቱን በጨርቅ ሸፈንኩ። ከዚያ በረዶ የሆነ ጀርቢል ፈልጌ አገኘሁ። (ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ እዚያ ጀርቢል ማርባት ክልክል ነው፣ እንዳትሳሳቱ።) ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አቀለጥኩት፣ ከዚያ በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ እንደ ሰውነት ሙቀት እስኪሆን ጠበቅኩ። ማይክሮዌቭ አትሞክሩ፣ ውስጡ ይበስላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ማታ መብራት አጥፍቼ በረጅም ጉጠት ጭራውን ይዤ ትንሽ አወዛወዝኩለት። አንገቱ እንደ ኤስ ፊደል ታጠፈ። ከዚያ ጧ! መያዙን እንጂ መወርወሩን አላየሁም። ደስታዬን ለማን ልንገር? እናቴ ጋ አልደውል ነገር።

ሁለት ሶስቴ ጀርቢል ከበላ በኋላ ጀርቢል የሚያሳድግ ጓደኛዬ ጀርቢሎቹ ከሚኖሩበት ሳጥን ሰጋቱራውን ሰጠኝ። ትንሽ አይጠ መጎጥ አቅልጬ የጀርቢል ሽታ እንዲይዝ ከሰጋቱራው ጋር በከረጢት አሸሁት፣ በተለይ ጭንቅላቱን። አንዴ እምቢ አለ፣ በሁለተኛው ወሰደ። ከዚያ በየጊዜው ሰጋቱራውን እየቀነስኩ ሄድኩ። አሁን ባዶውን አይጥ ይበላል። ይህ ሁሉ አራት ወር ፈጀ።

50ዎቹስ አይጦች? እነሱማ መጠናቸውም አይሆንም ነበር። የሚሰጠው አይጥ ከእባቡ ወፍራሙ ቦታ ብዙ መወፈር የለበትም፣ እነዚያ የትልቅ እባብ ናቸው። እሱ እስኪያድግ ፍሪዘር ውስጥ ደርቀው ስለተበላሹ ጣልኳቸው። በአጠቃላይ ተሸውጃለሁ።

እና ወገኖቼ፣ ሻጭ "ይበላል" ሲላችሁ ምን እንደሚበላ ጠይቁ። በህይወት ያለ ነው ወይስ የፍሪዘር? ጀርቢል ነው ወይስ አይጠ መጎጥ? እናንተ ቤት የምትሰጡትን ያንኑ ምግብ በአይናችሁ ፊት ሲበላ እዩ። በህይወት ያለች አይጥ ሲይዝ ማየት ዋጋ የለውም፣ እሱንማ የኔውም ያደርገው ነበር ይሆናል። "ትናንት ስለበላ ዛሬ አይበላም" ካላችሁ ቀብድ ሰጥታችሁ በሳምንቱ ተመለሱ፣ እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም። የበላበትን ቀንና ክብደቱን የጻፈበት ደብተር ካለው ጥሩ ነው፣ ከሌለው ለምን እንደሌለው ይንገራችሁ። አገጩን፣ የአይኑን ዙሪያና ሆዱን በመብራት ፈትሹ። ምግቡን ደግሞ እባቡ በልቶ ሳታዩ በጅምላ አትግዙ፣ ሁለት ሶስት ይበቃል።

ባለፈው ወር በዚያው ኤግዚቢሽን በኩል ሳልፍ ሰውዬው ያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጠርሙሶቹም እንደተደረደሩ ናቸው። የኔ ጠርሙስ ግማሽ ይቀረዋል፣ የዶሮ መረቅ የሚወድ ካለ መጥቶ ይውሰድ።