ባለ ሁለት ዓይኑ የጋዝ ምድጃዬ

ከመርካቶ የገዛሁት ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ በጣም ተመችቶኛል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሳቁላላ እሳቱን እንደፈለግኩ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ትንሹ ዓይን ላይ ሽሮው ቀስ ብሎ ይንተከተካል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ወጥ ገንፍሎ ወይም ንፋስ ገብቶ እሳቱ ቢጠፋ ጋዙን ራሱ መዝጋቱ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ይህ የሌለውን ምድጃ ባይገዛ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ያጠቁር ነበር። ቢጫ እሳት አየር አነሰው ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ባለሙያ መጥቶ ከሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ከፈት ሲያደርገው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ።

አብሮት የመጣውን ጎማ አልወደድኩትም፣ ቀጭን ነው። ወፍራም ገዝቼ በብረት ማጥበቂያ አሳሰርኩት። እባካችሁ ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዝ እየወጣ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ሲሊንደሩን ዝጉና በርና መስኮቱን ክፈቱ።