ኦቶ ወይስ ማኑዋል? ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ልዩነቱ በደንብ የገባኝ የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ነው። ሙሽራው ጥቁር የከፋይ ካባ ደርቧል፣ ሙሽሪት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሁለቱም አንድ ሶፋ ላይ፣ አንድ መብራት ሥር ተቀምጠዋል። ካሜራዬ ኦቶ ላይ ነበር፤ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ራሱ ካሜራው ነው። ወደ እሱ ጠጋ ብዬ ሳነሳ ካባው አመድ መስሎ ፊቱ ነጣ፤ ወደ እሷ ሳዞር ደግሞ ቀሚሷ የታጠበ ሳይሆን የሰነበተ መሰለ፣ ፊቷም ጠቆረ። መብራቱን ማንም አልነካውም። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው አንዱን ከአንዱ ጎን አስቀምጦ አልበም ማድረግ የማይሆን ነበር፤ እያንዳንዷን ለብቻዋ ሳስተካክል ሁለት ሌሊት አለፈኝ።

ካሜራው አልተበላሸም። ውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ካባ ይሁን ቀሚስ አያውቅም፤ ከዚያ ነገር ተንጸባርቆ የመጣውን ብርሃን ብቻ ለክቶ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ያደርገዋል። ፍሬሙን፣ ማለትም ፎቶው ውስጥ የሚገባውን ቦታ፣ ነጭ ከሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ጥቁር ከሞላው የጨለመ መስሎት ይጨምራል። ማኑዋል ላይ ግን አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት)፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) እና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ራሳችሁ ለዚያ መብራት አንዴ ትወስናላችሁ፤ ከዚያ ሙሽራውም፣ ሙሽሪትም፣ ሚዜዎቹም በዚያው ቁጥር ይነሳሉ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዱን ፎቶ አስተካክላችሁ ያንኑ ማስተካከያ ለመቶው መገልበጥም ትችላላችሁ፤ ሰርግ ለሚሠራ ሰው ይሄ የቀናት ሥራ ያቀልለታል።

ስለዚህ ኦቶ የጀማሪ፣ ማኑዋል የባለሙያ ነው የሚለውን አልቀበልም። የምጠይቀው፣ እናንተ በምታነሱበት ቦታ የሚለዋወጠው የቱ ነው? ብርሃኑ ባለበት ቆሞ ሰዉና ልብሱ የሚለዋወጥ ከሆነ ማኑዋል ይሻላችኋል። ብርሃኑ ራሱ ከጣታችሁ ቀድሞ የሚለዋወጥ ከሆነ ኦቶ።

ጥምቀትን ውሰዱ። ታቦቱን አጅበው የሚሄዱት ካህናት አንዴ ዛፍ ጥላ ውስጥ ናቸው፣ አሥር እርምጃ ቆይተው ፀሐይ ላይ። በዚህ መሀል ማኑዋል ይዞ ቁጥር መቁጠር የማይደገም ነገር ማሳለፍ ነው። እኔ እዚህ ከኦቶዎቹ የምጠቀመው አፐርቸር ፕራዮሪቲ የሚባለውን ነው፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ «ኤ»፣ ካኖን ላይ «ኤቪ» ተብሎ የተጻፈው። አፐርቸሩን እኔ እመርጣለሁ፣ ሻተሩን ካሜራው ይመርጣል። ነጠላ ለባሹ ፍሬሙን ሲሞላው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዤ ወደ +1፣ ማለትም ብርሃኑ እጥፍ ወደሚሆንበት፣ እወስደዋለሁ፤ ነጠላውም ይነጣል፣ የሰዎቹም ፊት ይወጣል። ያው ሕዝብ ጃንሜዳ ሜዳው ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ሥር ከቆመ ግን ወደ ማኑዋል እመለሳለሁ። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ ሻተር 1/400 ይበቃል፤ ደመና እስኪመጣ ድረስ አይነካም።

ደመራ ደግሞ በአንድ ምሽት ሁለቱንም ይጠይቃል። ከመለኮሱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ላይ ፀሐይ እየጠለቀች ስለሆነ ብርሃኑ በየደቂቃው ይወርዳል፤ እኛ አገር ምሽት ቶሎ ነው የሚጨልመው። ያን ጊዜ ኦቶ። እሳቱ ከተያያዘና ከጨለመ በኋላ ግን ኦቶ ግራ ይገባዋል፤ ነበልባሉ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ሰዉን ያጨልመዋል፣ ጨለማው ሰማይ ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ሰማዩን ግራጫ ለማድረግ ሲል እሳቱን ቅርጹ እስኪጠፋ ያነጣዋል። ማኑዋል ላይ ለነበልባሉ ቅርጽ የሚሆን ቁጥር አንዴ ፈልጋችሁ መተው ነው።

አረንጓዴው ሙሉ ኦቶ የተለየ ነገር ነው፤ ሲጨልምበት ፍላሹን ሳይጠይቃችሁ የሚያስነሳ ካሜራ አለ። ቅዳሴ ላይ ይሄ እንዲሆንባችሁ አትፈልጉም። በብዙዎቹ ላይ የ+1 ማስተካከያውም አይሠራም። ለእጅ ማፍታቻ ካልሆነ አልመክረውም።

አዳራሽ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ እየመሰለው ይጨነቃል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ ኤልኢዲና የድሮው ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ኦቶ 1/320 ወይም 1/500 ከመረጠ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ብርሃኑ ይለያያል፣ አንዳንዴም ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ይጋደማል። ማኑዋል ላይ ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 ብታደርጉት ይጠፋል። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሚኒያፖሊስ ለምታነሱ፣ እዚያ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ወይም 1/125 ነው የሚሆነው። በእርግጥ 1/100 የእስክስታ ትከሻ አያስቆምም። ጭፈራው ሲጀመር ፍላሽ አብሩ፤ ካሜራውን ማኑዋል፣ ፍላሹን ቲቲኤል ላይ (ኃይሉ በራሱ በሚመጠንበት) አድርጋችሁ አንሱ።

መሀል መንገድም አለ፤ አፐርቸሩንና ሻተሩን ራሳችሁ ይዛችሁ አይኤስኦውን ለኦቶ መተው። ልጆች ሲሯሯጡ፣ ኳስ ሜዳ ላይ በጣም ጥሩ ነው። ግን አትሳሳቱ፣ መለኪያው አሁንም እየሠራ ስለሆነ የካባውና የቀሚሱ ጣጣ ተመልሶ ይመጣል። የ+1 ማስተካከያው ደግሞ ርካሽና ቆየት ያሉ የካኖን ካሜራዎች ላይ በዚህ ሁኔታ አይታዘዝም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት።

እንግዲህ ግዢው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ካሜራዎች ሁሉ ላይ ማኑዋል አለ፤ ሻጩ «ማኑዋል አለው» ቢላችሁ ምንም አልነገራችሁም። የሚለያቸው በጣት የምትዞረዋ ዳያል ስንት ናት የሚለው ነው። ካኖን 2000ዲ እና ኒኮን ዲ3500 ያላቸው አንድ ዳያል ነው። ማኑዋል ላይ ሻተሩን ያዞራል፤ አፐርቸሩን ለመቀየር በሌላ ጣት ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ነው የምታዞሩት። ለቤተሰብ ፎቶ ችግር የለውም። ቀኑን ሙሉ ሰርግ ላይ ለሚቆም ሰው ግን ያቺ አንዲት ቁልፍ ታሰለቻለች፣ ታሰለችና ሰውየው ሳያስበው ወደ ኦቶ ይመለሳል። ኒኮን ዲ7500፣ ካኖን 80ዲ ሁለት ዳያል አላቸው፤ አንዱ ለአውራ ጣት፣ አንዱ ለሌባ ጣት። ከአዲሶቹ ውስጥ ካኖን አር50 ባለ አንድ፣ አር10 ባለ ሁለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ነገራቸው ይመሳሰላል፤ ማኑዋል ለሚያዘወትር ሰው ጨምሮ አር10ን መውሰድ እንደሚያዋጣው አልጠራጠርም።

ማኑዋልን ገና ለምትማሩ ደግሞ መስታወት የሌለው ካሜራ፣ ማለትም ሚረርለስ፣ ብዙ ያቀልላችኋል። ሻተሩን ስታዞሩ ምስሉ እዚያው ዓይናችሁ ላይ ሲጨልምና ሲነጣ ታያላችሁ። ባለ መስታወቱ ዲኤስኤልአር መመልከቻ ውስጥ የምታዩት መለኪያውን ብቻ ነው፤ የሆነውን የምታውቁት ካነሳችሁ በኋላ ነው። ያገለገለ ሶኒ ኤ6000 ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው የሚመጣ ካገኛችሁ፣ ሁለት ዳያል ስላለው ለመማሪያ ደስ የሚል ዕቃ ነው።

አብሮት የሚሸጠውንም ሌንስ እዩ። የተለመደው 18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ ላይ ኤፍ 3.5-5.6 የሚል ከተጻፈበት (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ 18 ላይ በኤፍ 3.5 ያስተካከላችሁት ማኑዋል ዙም ስታደርጉ ራሱ ወደ 5.6 ይሄድና ፎቶው ይጨልማል፤ ከግማሽ በላይ ብርሃን ነው የምታጡት። ከመጀመሪያው 5.6 ላይ ካደረጋችሁት አይነቃነቅም። ወይም እንደ 50 ኤፍ 1.8 ያለ ዙም የሌለው ሌንስ ግዙ፤ አዳራሽ ውስጥ የሚያወጣችሁም እሱ ነው።

ለቤታችሁ፣ ለልጆቻችሁና ለጉዞ ከሆነ ባለ አንድ ዳያሉን ውሰዱ፣ አፐርቸር ፕራዮሪቲ ላይ አስቀምጡት፣ የተረፈውን ገንዘብ ሌንስ ላይ አውሉት። በሰርግ ወይም በስቱዲዮ ልትሠሩበት ከሆነ ሁለት ዳያል ሳይኖረው አትግዙ። ያገለገለ ሲሆን እዚያው ሱቁ ውስጥ ኤም (ማኑዋል) ላይ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ከመመልከቻው ሳታነሱ ሁለቱንም ዳያል ቀስ ብላችሁ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አዙሯቸው። ቁጥሩ አንድ እርምጃ ከዘለለ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ ዳያሉ ተበልቷልና፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይ ሌላ ያምጡላችሁ።