ፋፍሳ ልጅ ብቻውን ለሚያሳድግ ተማሪ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ፋፍሳ ነፃ ነው፤ «ልሙላልዎ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ይራቁት። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቅጹ በጣም አጥሯል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነጠላ ወላጅ ደግሞ ስሌቱ ለጋስ ነው፦ ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት ወለል 225 በመቶ ካልበለጠ፣ ሙሉ ጊዜ ሲማር ከፍተኛውን የፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ የፌዴራል ድጋፍ) ያገኛል። በ2025–26 መጠኑ 7,395 ዶላር ነው፤ ብድር አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ስለ ልጅ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ነው። ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑለት ልጅ ካለዎት ዕድሜዎ ከ24 በታች ቢሆንም ራስዎን እንደቻሉ ይቆጠራል። ይህን ከዘለሉ የወላጆችዎ ገቢ ይጠየቃል፣ ድጋፉም ሊቀንስ ይችላል።

ቅጹ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊቱን ግብር ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካጡ የስንብት ደብዳቤውን ይዘው የኮሌጅዎን የትምህርት ድጋፍ (ፋይናንሻል ኤይድ) ቢሮ ማስተካከያ ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ማንም አያስታውስዎትም።

ትልቁ ጉድለቱ የልጅ መዋያ ነው፤ ቅጹ ስለሱ አይጠይቅም። የመዋያውን ደረሰኝ አቅርበው ቢሮው ወጪውን በትምህርት ወጪ ግምትዎ ውስጥ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የብድር በር ነውና ቀድመው ኮሌጁ የሲካምፒስ (CCAMPIS፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጅ ተማሪዎች የተዘጋጀ የፌዴራል ፕሮግራም) የመዋያ ድጎማ እንዳለው ይጠይቁ።

ልጅ ታሞ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ግድ ከሆነ ቀኑን ያስሉ፦ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ከወጡ ከድጋፉ የተወሰነው ይመለሳል፣ ኮሌጁም ልዩነቱን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል።