ብርሌው ሳይሞላ የሚጠየቀው፦ የደሴና የኮምቦልቻ ጠጅ ቤቶች ከውጭ ለመጣ እንግዳ

ውጭ አገር የወይን ጠጅ መቅመሻ ቤት የለመደ ሰው ለእረፍት ደሴ ገብቶ ጠጅ ቤት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያጣው ቅምሻውን ነው። ብርሌው ሞልቶ ይመጣል፣ ዋጋውም የሙሉ ብርሌ ነው። ግን ቅምሻ የለም ማለት አይደለም። በዚህ ጉዞ ደሴ ላይ ሁለት፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቤት አይተናል፤ "እስቲ ለቅምሻ ያህል" ስንል በሦስቱም በትንሽ ብርጭቆ ያለ ክፍያ ቀዱልን። ድሮ በግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ቀምሶ ነበር የሚያቀርበው። ስለዚህ ቀምሶ መምረጥ ነውር የለበትም፤ የሚያሳፍረው አስሞልቶ ትቶ መሄድ ነው።

ከመቅመስ በፊት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛው "እትዬ፣ በስንት ነው የተበጠበጠው?" የሚለው ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ከሆነ ጠንካራ ነው፤ በአራት መካከለኛ፣ በአምስት ቀላል። ሁለተኛው "ከተጣለ ስንት ቀኑ ነው?" የሚለው ነው። በደንብ የምትጥል ባለሙያ ሁለቱንም ሳታመነታ ትመልሳለች። መልሱ "አብሽር፣ ጥሩ ነው" ብቻ ሲሆን ብርጭቆዋን በጥንቃቄ መቅመስ ነው።

ቀኑን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ከአጣጣሉ ይገባል። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ማሩ፣ ብዙ ጊዜ ከነሰፈፉ፣ በውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሰፈፉ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾው፣ ለ1 ኪሎ ማር 200 ግራም ገደማ፣ ከብጥብጡ በተቀነሰ ጥቂት ፈሳሽ ተቀቅሎ፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ትኩሱን መገልበጥ እርሾውን ይገድላል፤ ቤት ውስጥ የሚጣል ጠጅ አልፈላ ብሎ ስኳር ውሃ ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከጌሾው በኋላ ቢያንስ 5 ቀን፣ ሲያስፈልግ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆይና ይጠለላል። ቶሎ የወጣው ለስላሳ፣ የቆየው ደረቅ ይባላል። ለስላሳው ውስጥ እርሾው ያልበላው ስኳር ገና አለ፣ ለዚህ ነው የሚጣፍጠው፤ ሆድ የሚነፋውም በአብዛኛው እሱ ነው።

ሁለቱን ከተሞች ለየብቻ የምንመዝነውም በዚሁ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ። እርሾ ሙቀት ይወዳል። ኮምቦልቻ ላይ በሳምንት የደረሰ ጠጅ ደሴ ላይ፣ በተለይ በክረምት ብርድ፣ እጥፍ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ "10 ቀኑ ነው" የሚለው መልስ ኮምቦልቻ ላይ ደረቅ፣ ደሴ ላይ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ችግር አላት፦ በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። ጋኑ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ጠጁም ወደ ሆምጣጤ ያዘነብላል። እዚያ ከሆናችሁ አዲስ የተከፈተ ጋን ያለበትን ቀን ጠይቃችሁ ሂዱ። ከሦስቱ የመረጥነው የደሴው አንዱ ቤት ነው፤ ደረቁ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ከተዋጠ በኋላ የማሩ ሽታ በአፍንጫ ይመለሳል፣ የጌሾው ምሬትም ምላስ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጉሮሮ ላይ ነው የሚገኘው።

ስኳር የገባበትን መለየት ይቻላል። ማር ከስኳር ስለሚወደድ አንዳንድ ቤት ይቀላቅላል፣ ቢጫ ቀለምም የሚጨምር አለ። በብርሃን ሲያዩት ከመጠን በላይ ደማቅና ጥርት ያለ ቢጫ ከሆነ፣ ሲጠጣ ጣፍጦ ወዲያው ከጠፋ፣ የማር ሽታ ከሌለው፣ ማሩ ትንሽ ነው። የማር ጠጅ ትንሽ ደፍረስ ማለቱ ነውር አይደለም። ከሦስቱ በአንዱ የቀመስነው ስኳር የገባበት ዓይነት ነበር፣ ዋጋው ግን የማር ጠጅ ዋጋ ነው። ይሄ ያሳዝናል፤ "ስኳር አለበት" ብሎ በቅናሽ መሸጥ የሚያስከፋ ነገር የለውም።

ብርሌውን ራሱን ተመልከቱ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ጣት አይገባም፣ ታችኛው ክብ ላይ ነጭ ቀለበት ይቀራል። ወደ መስኮት አንስቶ ማየት ነው፤ ካልጠራ "ይለወጥልኝ" ማለት ይቻላል። አፉ የተሸረፈ ወይም የነቃም ይመለሳል፣ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ።

ስለ መጠኑ፦ ጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል። 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 9 በመቶ ጠጅ ቢሞላበት፣ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ሁለት ጠርሙስ ቢራ ማለት ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። ጣፋጭነቱ ይህን ይደብቃል። ከሐረጎ ጠመዝማዛ በፊት የሚጠጣ ሹፌር አይኑር።

ወሎ ነውና ከማይጠጡ ዘመዶች ጋር መውጣት ይመጣል። ለእነሱ ብርዝ ይታዘዛል፣ ግን ጥያቄ አለው። ብርዝ ጌሾ የሌለው የማር ውሃ ነው፤ ካደረ ግን በራሱ መፍላት ይጀምራል። የዕለቱ መሆኑን፣ ጠጅ ባልነካው ዕቃ መበጥበጡንም አረጋግጡ፤ የሸክላ ዕቃ እርሾ ይይዛል፣ ታጥቦም አይለቅም። ከሦስቱ ቤቶች ለብርዝ የተለየ ማሰሮ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ለሙስሊም እንግዳ የምንመክረው ያንን ነው፤ ጠጁ ከሦስቱ ሁለተኛ ቢሆንም።

የወይን ጠጅ የሚፈልግ ሆቴል ይሂድ። ጉደር፣ አክሱማይት፣ ወይም ዝዋይ ከተተከለው ወይን የሚመጣው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ የገባው የካስቴል ምርት ይገኛል። ደሴ ላይ የክፍሉ ብርድ ለቀይ ወይን ይስማማል፤ ኮምቦልቻ ላይ 20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡልኝ በሉ። በብርጭቆ ከሆነ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ፣ ከሦስት ቀን በላይ ከሆነ ተዉት።

ጠጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ሻንጣ ውስጥ መክተት አያዋጣም። ለስላሳው መፍላቱን ስለማያቆም ጋዙ ጠርሙሱን ይወጥረዋል፣ ክዳኑን ይፈታል ወይም ያፈነዳዋል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ለመውሰድ እንኳ ደረቁን መርጦ፣ አንድ አራተኛውን ባዶ ትቶ፣ በየሁለት ሰዓቱ ክዳኑን ላላ ማድረግ ያስፈልጋል። ለውጭ የሚሻለው ሰኞ ገበያ ደረቅ ጌሾ ገዝቶ፣ ቅጠሉንና እንጨቱን ለየብቻ ቋጥሮ፣ በምትገቡበት አገር ጉምሩክ አሳውቆ መግባት ነው። እንጨቱ ለማፍላት፣ ቅጠሉ ለምሬት ይጠቅማል፤ ሻጯ ሁለቱን ቀላቅላ እንዳትመዝንባችሁ።