ቤን ትሬን በሳይክል፦ መንገዱ ሌላ፣ ሳይክሉ ሌላ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለሥራ ቬትናም፣ ሆቺሚን ከተማ ሄጄ አንድ ቅዳሜ ነጻ ሆንኩ። ከባልደረባዬ ጋር የአንድ ቀን የሳይክል ጉዞ ወደ ሜኮንግ ዴልታ፣ ማለትም የሜኮንግ ወንዝ ወደ ባሕር ወደሚገባበት ሜዳ፣ ገዛን። ለአንድ ሰው 60 ዶላር ገደማ ነው፤ መኪናው፣ ሳይክሉ፣ አስጎብኚዋና ምሳው ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መንገዱና አስጎብኚዋ ከከፈልነው በላይ ናቸው። ሳይክሉ ግን ያንን ብር አይመጥንም።

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። እስከ ሚ ቶ ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ነው፤ ከዚያ የራች ሚዩን ድልድይ ተሻግረን ቤን ትሬ ገባን። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤን ትሬ ከቪን ሎንግ ክፍለ ሀገር ጋር ተቀላቅላለች፤ ካርታ ላይ ስትፈልጓት እንዳይምታታባችሁ።

ከአስፋልቱ እንደወረድን ጩኸቱ ሁሉ ጠፋ። መንገዱ ሁለት ሞተር ሳይክል በጭንቅ የሚያስተላልፍ ኮንክሪት ነው፤ በግራም በቀኝም ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ ኮኮናት፣ ከኮኮናቱ ሥር ቤት፣ ከቤቱ ጓሮ ደግሞ የቤተሰቡ መቃብር፣ ትንሽ እንደሄዳችሁ አንዲት ጉብ ያለች ድልድይ፣ እዚያ አገር ዳገት ማለት እሷ ብቻ ናት። የኮኮናት ቃጫ መንገድ ዳር ተሰጥቶ ይደርቃል። አንድ ጎልማሳ ኮኮናቱን መሬት ላይ በተተከለ ሹል ብረት እየሰካ በሦስት ምት ሲልጠው ቆሜ አየሁ። እጁ ይገርማል።

አስጎብኚያችን የዚያው መንደር ልጅ ናት። በየደጁ ሰላም ስትል ስም አትጠራም፤ ታላቅ ወንድሟ የሚሆነውን «አን»፣ ታላቅ እህቷ የምትሆነውን «ቺ»፣ አሮጊቷን «ባ» ትላለች። የእኛን ጋሼና እትዬ አስታወሰኝ። እኛም አንዲት እናትን «ባ» ብለን ሰላም ስንላቸው ፊታቸው በርቶ ሙዝ ይዘው መጡ።

በየቤቱ ደጅ ትላልቅ ጋኖች ተደርድረዋል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ባሕሩ ወደ ላይ ይገባና የቦዩ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ በ2016 እና በ2020 እ.ኤ.አ. በጣም ከፍቶ ነበር። በ2020 እናቷ የመጠጥ ውሃ እየገዙ እንደከረሙ አስጎብኚዋ ነገረችን። ከላይ ባሉት አገሮች የተሠሩት ግድቦች እንደሚያሳስቧቸውም አልደበቀችንም። እኔ የዓባይ ልጅ ነኝ፣ የላይኛው ተፋሰስ ሰው። ከታች ያለ ሰው ስለ ውሃው ሲናገር ደጁ ላይ ተቀምጬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ ጠየቅኳት፣ ሳትሰለች መለሰችልኝ።

አሁን ሳይክሉ። ሁሉም አንድ ቁመት ነው። እኔ ረጅም ነኝ፣ ኮርቻው እስከ መጨረሻው ተስቦም ጉልበቴ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ማርሹ ይዘላል፣ የፊት ፍሬኑ ላልቷል። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ የባልደረባዬ ጎማ ተበሳ፤ አስጎብኚዋ ትርፍ ካለማዳሪም ማጣበቂያም አልተሰጣትም። 40 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። በመጨረሻ የመንደሩ ጎሚስታ ደረሰልንና ቶሎ ለጥፎ ሸኘን። ገንዘቡንም እሷ ከኪሷ ልትከፍል ስትል ከለከልናት። ይሄ የእሷ ጥፋት አይደለም፤ የድርጅቱ ነው፣ ለድርጅቱም ጽፌላቸዋለሁ።

ምግቡ ላይ ለጾመኞች የምነግራችሁ አለኝ። የተለመደው ምሳ ተጠብሶ በቁሙ የሚቀርብ ዓሣ ነው፣ በሩዝ ወረቀት ከቅጠላ ቅጠል ጋር እየጠቀለሉ ይበሉታል፤ ባልደረባዬ እስካሁን ያወራዋል። እኔ ዓሣም ስለማልበላ «አን ቻይ»፣ ማለትም ሥጋም ዓሣም አልበላም፣ አልኩ። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ብዙዎቹ በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን ከሥጋ ስለሚታቀቡ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ቶፉና እንጉዳይ በኮኮናት ወተት ተሠርቶ መጣልኝ፣ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። እንቁላል እንዳይገባ ግን ለይታችሁ ንገሯቸው፣ አንዳንዱ ቤት ያስገባል። ቡናውንም ያለ ወተት በሉ፤ ካላላችሁ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይጨምሩበታል። ሮቡስታ ነው፣ ይመራል፣ የእኛን ቡና አይተካም። ሆኖም በዚያ ሙቀት ሃሞክ (በሁለት ጫፍ የተንጠለጠለ መኝታ) ላይ ተጋድሞ በበረዶ ሲጠጡት ነፍስ ይዘራል።

የኮኮናት ከረሜላ የሚሠራበት ቤት ያቆዩን ከሚገባው በላይ ነው፤ አሠራሩን በ10 ደቂቃ ታያላችሁ፣ የቀረው ሽያጭ ነው። ያንን ጊዜ በጉዞው ውስጥ ባለው የጀልባ ሽርሽር ላይ ቢጨምሩልን ይሻል ነበር።

ቁመታችሁን በሴንቲ ሜትር ቀድማችሁ ላኩላቸው፣ ሳይነሱም ትርፍ ካለማዳሪ መያዙን በዓይናችሁ እዩ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። እኔ ታኅሣሥ ላይ ለሥራ እመለሳለሁ፤ ያቺኑ አስጎብኚ በስሟ ጠይቄያለሁ፣ ሳይክሉን ግን ከሌላ ቦታ ነው የምከራየው።